ምስሉ ሲቆራረጥ፣ ድምፁ ሲጠፋ

እትዬ ጎረቤቴ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቅ ስል ጠረጴዛቸው ላይ ያቺ ጥቁር ላፕቶፕ ተከፍታለች፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰባኪ ቀኝ እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ደርቆ ቀርቷል። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰው እጁን ካነሣ ደቂቃ አለፈው፤ አይደክመውም?» አሉኝ። ወዲያው ምስሉ ነፍስ ዘራና ሰባኪው ሦስት አራት ጊዜ ተንፈራገጠ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ ግን የለም።

ላፕቶፗ እ.ኤ.አ. በ2011 የተሠራች ናት። ሁለተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና 1366 በ768 የሆነ ስክሪን አላት። ልጃቸው ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛላቸው መጣች፤ ዊንዶውስ ሲከብዳት የልጅ ልጃቸው ሊኑክስ ጫነባት። የቤቱ ሰው ፍርድ ግን ያው ነበር፦ አርጅታለች፣ በቃ።

«አርጅታለች» ማለት ማዘን እንጂ መመርመር አይደለም። ቪዲዮ ከሰርቨር ተነሥቶ ዓይናችን ጋ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዱ እጅ ሲዝል ከውጭ ለሚያይ ማሽኑ በሙሉ የዛለ ይመስላል። የትኛው እንደዛለ ሳይለዩ መነካካት ደግሞ ጤነኛውን ማሳመም ነው። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ሊኑክስ በሽታውን ከማይደብቁት ወገን ስለሆነ፣ የት ላይ እንደሚናገር ላወቀ ሰው ሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ቀላል ቤት፣ ከባድ እንግዳ

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የጻፈው ከርነሉን ነው፤ ማለትም በዕቃውና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና የድምፅ ካርዱን ለሁሉም የሚያዳርሰውን የሥርዓቱን እምብርት። በዚያ ከርነል ዙሪያ ሌሎች እንደ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ኡቡንቱና ሚንት ያሉ ሙሉ ሥርዓቶችን አበጁ። አንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። እትዬ «የማላውቀውን ነገር ጫኑባት» ብለው ሲያማርሩ፣ ያ የማያውቁት ነገር በእጃቸው በያዙት ስልክ ውስጥ ካደረ ዓመታት ሆኖታል።

ሊኑክስ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚመረጠው ዴስክቶፑን እንደ አቅም መቀያየር ስለሚቻል ነው። ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪውቲ የተባሉት ዴስክቶፖች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ብዙ ራም ሳይጠይቁ ይነሣሉ፣ ጌጥ አያበዙም። ችግሩ የሚመጣው ብሮውዘሩ ሲከፈት ነው። ብሮውዘር ለአሮጌውም ለአዲሱም ማሽን ያው ብሮውዘር ነው፤ የቪዲዮው ገጽም «ይህች አሮጊት ናት» ብሎ አይራራላትም። ቤቱ ቀልሎ እንግዳው ከበደ።

አንድ ሥዕል ስንት ይመዝናል?

ቪዲዮ ማለት ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡ ሥዕሎች ነው፤ ባለሙያዎቹ ፍሬም ይሏቸዋል። 1080 በሚባለው ጥራት አንዱ ፍሬም 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች አሉት። አንዷ ነጥብ ቀለሟን ለመናገር 3 ባይት ብትወስድ፣ አንዱ ሥዕል ከ6 ሜጋባይት ያልፋል። በሴኮንድ 30 ሥዕል ሲሆን 186 ሜጋባይት፤ የአንድ ሰዓት ስብከት ከ650 ጊጋባይት በላይ። ይህን የሚችል የዳታ ጥቅል አላየሁም።

ስለዚህ ቪዲዮው ታምቆ ይላካል። የሚያምቀውና መልሶ የሚፈታው የስሌት ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ሙሉ ሥዕል የሚላከው አልፎ አልፎ ሲሆን በመካከሉ የሚላከው የተለወጠው ብቻ ነው። ሰባኪው እጁን ሲያነሣ ከጀርባው ያለው መጋረጃ አልተነቃነቀም፤ ኮዴኩም «መጋረጃውን እንደነበረ ተወው፣ እጁን ወደዚህ ውሰደው» ብሎ ያልፋል። በመንገድ ላይ የተቆጠበው ድካም ግን ተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ላፕቶፗ መጋረጃውን ካለፈው ሥዕል አምጥታ፣ እጁን በስሌት አንቀሳቅሳ፣ ሥዕሉን እንደ አዲስ ሠርታ ማቅረብ አለባት፤ ለአንዱ ሥዕል የተሰጣት ጊዜ ደግሞ 33 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ካልደረሰላት ሥዕሉን ጥላ ወደሚቀጥለው ትዘላለች። ሰባኪው የተንፈራገጠው ለዚህ ነው።

የወረደው ቪዲዮ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ አይሄድም፤ መጀመሪያ ራም ውስጥ ባለ ቋት ይጠራቀማል። ይህንን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፦ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ማለት ነው። ውሃው በፈረቃ ቢመጣም ሮቶው ውስጥ እስካለ ድረስ ቧንቧው ይፈሳል። መስመሩ ለጥቂት ሴኮንድ ቢቋረጥም ቪዲዮው ከቋቱ እየጠጣ ይቀጥላል። ሮቶው ሲነጥፍ ግን ምስሉ ይቆምና መሐሉ ላይ ያቺ ክብ መሽከርከር ትጀምራለች።

ሮቶ መንጠፍና ሥዕል ሠሪው መዛል ከውጭ ሲያዩአቸው መንትያ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

መለያው

የመጀመሪያው ፈተና ኢንተርኔት አይፈልግም። በፍላሽ የመጣ ፊልም በቪኤልሲ ይክፈቱ። ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ የኤኮል ሴንትራል ተማሪዎች በግቢያቸው ኔትወርክ ቪዲዮ ለማሰራጨት ከጀመሩት ሥራ የተወለደ ማጫወቻ ነው፤ አብዛኞቹን ኮዴኮች ራሱ ይዞ ስለሚዞር ሥርዓቱ ላይ ኮዴክ ቢጎድልም አይጨነቅም። ፊልሙ ከነድምፁ ከሄደ ስክሪኑም ስፒከሩም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱን በብሮውዘሩ ወይም በኔትወርኩ በኩል ይፈልጉ። ፊልሙ ራሱ ከተቆራረጠ ደግሞ ብሮውዘሩን መውቀስ ይተዉ።

ሁለተኛው ፈተና ዩቱብ ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ሳጥን ነው። ቪዲዮው እየሄደ ምስሉ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ዝርዝር ይወጣል፤ ከታች «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ይምረጡ። ቁጥር የሞላበት ጥቁር ሳጥን ይከፈታል። አብዛኛውን ይዝለሉትና ሁለት ነገር ብቻ ይያዙ። «በፈር ኸልዝ» የሚለው መስመር ሮቶው ውስጥ የስንት ሴኮንድ ቪዲዮ እንዳለ ይናገራል። «ድሮፕድ» የሚል ቃል ያለበት ደግሞ ከቀረቡት ሥዕሎች ስንቱ እንደተጣለ ይቆጥራል።

የእትዬን ላፕቶፕ ሳጥን ስከፍት ሮቶው ውስጥ ከ20 ሴኮንድ በላይ ቪዲዮ አለ፤ አልጎደለም። የተጣሉት ሥዕሎች ግን ዓይኔ እያየ ይጨምራሉ፦ ከ1,400ው 600 ያህሉ ሄደዋል። ማሽኗን «አርጅታለች» ከማለት አልፎ ቤተሰቡ ሁሉ ስንት ወር ኔትወርኩን ጭምር ሲረግም የኖረው በከንቱ ነበር።

የእርስዎ ሳጥን የተገላቢጦሹን ካሳየ፣ ማለትም የተጣለ ሥዕል ሳይኖር ሮቶው ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ሕመሙ መስመሩ ላይ ነው። ዩቱብ ለ1080 ጥራት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ720 ሁለት ተኩል፣ ለ480 ደግሞ 1.1 ሜጋቢት የሚደርስ ፍጥነት ይመክራል። ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ ማድረግ ኪስንም ያድናል፤ በ1.1 ሜጋቢት ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ቢወርድ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ሲሆን በ5 ሜጋቢት ግን ከ2 ጊጋባይት ያልፋል። ላፕቶፑን ወደ ዋይፋዩ ማስጠጋት፣ ገመድ ካለ በገመድ ማገናኘት፣ የሊኑክሱ ማሻሻያ ከበስተጀርባ እየወረደ እንዳይሆን ማየት፣ የዋይፋይ ካርዱን ኃይል ቆጣቢ ማጥፋት፤ በዚህ በኩል የሚሞከሩት እነዚህ ናቸው።

ቋንቋው የከበዳት ማሽን

በዚያው ሳጥን ውስጥ «ኮዴክስ» የሚል መስመር አለ። የእትዬ ላፕቶፕ ላይ የሚነበበው ቪፒ9 ነበር። ምስጢሩም እዚህ ላይ ነው።

የግራፊክስ ክፍሉ ውስጥ ቪዲዮ ለመፍታት ብቻ የተሠራ ትንሽ ክፍል አለ። ያ ክፍል ሥራውን ሲይዝ ዋናው ፕሮሰሰር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ግን የሚያውቀው በተሠራበት ጊዜ የተማራቸውን ኮዴኮች ብቻ ነው፤ ካለፈ በኋላ አዲስ አይማርም። ኤች.264 የተባለው ኮዴክ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ የ2011 ማሽን አሳምሮ ያውቀዋል። ቪፒ9ን ጉግል ያወጣው በ2013 ነው፤ ማሽኗ ከተሠራች ከሁለት ዓመት በኋላ። ኤቪ1 ደግሞ የ2018 ልጅ ነው። ኢንቴል ቪፒ9ን በቅጡ ግራፊክሱ ውስጥ ያስገባው በሰባተኛው ትውልድ፣ ኤቪ1ን ደግሞ በ11ኛው ትውልድ ነው።

ዩቱብ ዳታ ስለሚቆጥቡ አዳዲሶቹን ይመርጣል። ይህች የ2011 ላፕቶፕ ቪፒ9 ሲመጣባት የቪዲዮ ክፍሏ «አላውቀውም» ይልና ሸክሙ ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ትከሻ ላይ ይወድቃል። ፕሮሰሰሩ ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ሥዕሉ ይጣላል። ጉልበት ነበራት፤ ያዘዟት ግን በማታውቀው ቋንቋ ነው።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ጥራቱን መቀነስ ነው፤ ማንም ሳያግዝዎ የሚያደርጉት፣ አላሳፈረኝም የምለውም እሱ ነው። የ480 ሥዕል 854 በ480 ስለሆነ የነጥቦቹ ብዛት ከ1080ው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። የእትዬ ስክሪን ያለው ነጥብ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን እምብዛም አያልፍም። በ1080 ስታጫውት ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ፈትታ፣ ግማሹን መልሳ አሳንሳ ነው የምታሳየው። ማንም ለማያየው ሥዕል ስትደክም ኖራለች ማለት ነው። ቪዲዮው በሴኮንድ 60 ሥዕል የሆነ እንደሆነም 30 ወደሆነው መውረድ ድካሙን በግማሽ ያቀለዋል።

ሁለተኛው ደረጃ ዩቱብን በምታውቀው ቋንቋ እንዲያናግራት ማድረግ ነው። ኤች264ኢፋይ የሚባል ትንሽ የብሮውዘር ማስፋፊያ አለ፤ ሥራው «ይህ ብሮውዘር ቪፒ9ም ኤቪ1ም አይችልም» ብሎ ለዩቱብ መንገር ብቻ ነው። ዩቱብም ያምነውና ኤች.264ን ይልካል። ሳጥኑ ላይ ቪፒ9 የነበረው ኤቪሲ1 በሚል ሲተካ መሥራቱን ያውቃሉ፤ ኤቪሲ የኤች.264 ሌላ ስሙ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጥራት እስከ 1080 ብቻ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ስክሪን ከበቂ በላይ።

ሦስተኛው ብሮውዘሩና የቪዲዮ ክፍሉ መነጋገራቸውን ማረጋገጥ ነው። ሊኑክስ ላይ የሁለቱ አስተርጓሚ ቪኤ ኤፒአይ ይባላል። ኢንቴል ለዚህ ሁለት ድራይቨር አለው፤ አዲሱ የሚያገለግለው ከአምስተኛው ትውልድ ወዲህ ላሉት ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የሚፈልጉት አይ965 የሚባለውን አሮጌውን ነው። አዲሱን ብቻ ጭኖ «ግራፊክሱ አልሠራ አለኝ» የሚል ብዙ ነው። ፋየርፎክስ ከ115ኛው እትም ጀምሮ በኢንቴል ግራፊክስ ላይ ይህንን መንገድ ሳይነገረው ይጠቀማል፤ መያዙን ለማየት በእርዳታ ሜኑው ሥር ያለውን የመላ መፈለጊያ መረጃ ገጽ መክፈት ነው። ክሮም ግን ሊኑክስ ላይ በዚህ ረገድ ለረጅም ጊዜ ወደኋላ ሲል ኖሯል። ለአሮጌ ማሽን ፋየርፎክስን የምመክረው ለዚህ ነው።

እትዬ ጋ ማስፋፊያውን ጭኜ ጥራቱን 480 ላይ ሳደርገው የተጣሉት ሥዕሎች ቆጠራ ባለበት ቀጥ አለ። ሰባኪው እጁን አነሣ፣ አወረደም። እትዬ እፎይ አሉለት።

አቧራና የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ቪዲዮው ለአሥር ደቂቃ ሸጋ ሆኖ ከሄደ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረ ሙቀትን ይጠርጥሩ። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። የዓመታት አቧራ ፋኑ ላይ ተጋግሮ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ደርቆ እንደሆነ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ የሚጠቅመው አንድ ብሩሽና አዲስ ፓስታ ነው። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ማየትም የአየር መግቢያዋን መድፈን ነው።

የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ራሙ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ሥርዓቱ ራም ያነሰውን ያህል ዲስኩን እንደ ራም ሊጠቀምበት ይሞክራል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ግን ለዚያ አልተፈጠረም። ቪዲዮ ሲያዩ ሌሎቹን ታቦች ይዝጉ። ራም መጨመር ወይም ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ከተቻለ ማሽኗ የምትለወጠው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «ከነጭራሹ የትኛውም ገጽ አልከፍት አለኝ፤ ሁሉም አስተማማኝ አይደለም ይለኛል» ብሎ ጠራኝ። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ቀን ሳይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቷል። ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በተጻፈበት ዲጂታል ሰርተፊኬት ነው። ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሲሆን የሁሉም ሰርተፊኬት ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አንዱንም አያምንም። ዘመን አቆጣጠራችንን መውደድ ደግ ነው፤ የማሽኑ ሰዓት ግን በፈረንጆቹ ይሁን። በእጅ ሳይነካ ቀኑ ሁልጊዜ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ሳንቲም መሳይ ባትሪ ሞታለች፤ ትቀየር። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ቅንብር ማብራትም አይርሱ።

የማይሆነው

ሁሉም ነገር ይድናል ብዬ አላታልልም። የድሮ መመሪያዎች ቪዲዮ አልታይ ሲል ፍላሽ ፕሌየርን ጫኑ ይላሉ። ዩቱብ ከፍላሽ የተለያየው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ አዶቤም በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቋርጧል። ዛሬ «ፍላሽ ጫን» የሚል መመሪያ ሲያዩ ቀኑን አይተው ይለፉት።

ከዚህ የባሰው የ32 ቢት ጉዳይ ነው። ክሮም 32 ቢት ሊኑክስን የተወው በ2016 ነው። ዴቢያንም በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለ32 ቢት ኢንቴል ማሽኖች መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። ኔትፍሊክስን የመሰሉ፣ ቪዲዮአቸውን ቆልፈው የሚያቀርቡ ድርጅቶችም መክፈቻው በብሮውዘሩ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ አያሳዩም። ያም ሆኖ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ፕሮሰሰሩን ይመልከቱ፤ ከ2006 የወጡት ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰሮች እንኳ 64 ቢት ናቸው። ብዙ ጊዜ 32 ቢት የሆነው ማሽኑ ሳይሆን አንድ ሰው በስህተት የጫነበት ሥርዓት ነው።

ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የሥርዓቱ ግራ ከገባ ደግሞ ሌላ ሊኑክስ በፍላሽ ይዘው፣ ምንም ሳይጭኑ ከፍላሹ ላይ አስነሥተው ይሞክሩ። እዚያ ከሠራ ዕቃው ጤነኛ ነው።

ድምፁ የት ሄደ?

ምስሉ ከተስተካከለ በኋላ የቀረን ድምፁ ነው። የሊኑክስ ድምፅ ታሪክ ራሱን የቻለ ሐተታ ነው፤ ላሳጥረው። በመጀመሪያ ብዙ ካርዶች ላይ አንድ ፕሮግራም ድምፁን ከያዘ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው አልሳ በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከ2.6 ከርነል ጋር ዋናው የድምፅ ካርድ ድራይቨር ሆነ። ሌናርት ፖተሪንግ በ2004 የጀመረው ፐልስ ኦዲዮ በአልሳ ላይ ተቀምጦ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ማቀላቀል ቻለ፤ ኡቡንቱ በ2008 ሲቀበለው ገና ስላልበሰለ ብዙ ተማርረውበታል። ዛሬ ቦታውን እየወሰደ ያለው የዊም ታይማንስ ፓይፕዋየር ሲሆን ፌዶራ በ2021 ዋና አድርጎታል። ሦስቱ ፎቅ ናቸው፤ ምድር ቤቱ ምንጊዜም አልሳ ነው፣ ላይኛው ላይ ፐልስ ወይም ፓይፕዋየር ይቀመጣል። ድምፅ ከየትኛውም ፎቅ ላይ ሊታፈን ይችላል።

ፎቁን የሚለየው ፐልስ ኦዲዮ ቮልዩም ኮንትሮል የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ፓይፕዋየር ላይም ይሠራል። ቪዲዮውን እያጫወቱ «ፕሌይባክ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። ከብሮውዘሩ ስም ሥር ድምፁን ተከትላ የምትዘል አንዲት አግዳሚ መስመር አለች። ካልዘለለች ድምፁ ከብሮውዘሩ አልወጣም ማለት ነው፤ የታቡ ድምፅ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ወይም ቪዲዮው ላይ ያለችው የስፒከር ምልክት ተሰርዛ እንደሆነ ይመልከቱ። መስመሯ እየዘለለች ጆሮ ምንም ካልሰማ ድምፁ ወጥቷል፤ የሄደው ግን ወደ ሌላ ቦታ ነው።

ምድር ቤቱን ማየት ሲያስፈልግ ተርሚናል ላይ አልሳ ሚክሰር የሚባለው ይከፈታል። የቆሙ ዓምዶች ይመጣሉ፤ ከዓምዱ ግርጌ ሁለት ኤም ፊደል ከታየ ያ መስመር ታፍኗል፣ የኤም ቁልፍን ሲጫኑ ይለቀቃል። በኤፍ6 ቁልፍ ሌላ የድምፅ ካርድ መኖሩን ማየት ይቻላል። «አውቶ ሚዩት» የሚል ዓምድም አለ፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ውስጥ አቧራ ገብቶ ማሽኑ «ማዳመጫ ተሰክቷል» ብሎ ካመነ ስፒከሩን የሚያፍነው እሱ ነው። በብሉቱዝ ለሚሰሙ ደግሞ አንድ ማስታወሻ፦ ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ከቀፈፈ ማዳመጫው በጥሪ ሁነታ ላይ ነው፤ «ኮንፊገሬሽን» ክፍል ውስጥ ኤ2ዲፒ ወደሚለው ይቀይሩት።

የእትዬ መስመር ትዘላለች። እንደ ጉድ ትዘላለች። «አውትፑት ዲቫይስስ» የሚለውን ክፍል ስከፍት የተመረጠው ኤችዲኤምአይ ነበር፤ ማለትም ድምፁ በገመድ ወደ ቴሌቪዥን እንዲሄድ ታዟል። ገመድ ግን የለም።

«እትዬ፣ ይህች ላፕቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝታ ታውቃለች?»

ትንሽ አሰቡ። «ለፋሲካ ጊዜ ያ ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ ሊያሳየን አገናኝቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ ዝም ያለችው።»

ልጁ ኤችዲኤምአዩን በእጁ መርጦት ስለነበረ ገመዱ ሲነቀል አልተመለሰም። ድምፁ ከፋሲካ ጀምሮ በሌለ ቴሌቪዥን ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ኖሯል። ወደ ላፕቶፗ ስፒከር መለስኩት። ድምፅ ሲጠፋ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አድርገው ቮልዩሙን እስከ ጥግ ከፍተውት ስለነበር የሰባኪው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ እትዬ ደንግጠው አማተቡ፣ ከዚያ ሳቁ።

ቡና እስኪፈላ ስንሰማ ቆየን። ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ፋኑም ጸጥ ብሏል። እትዬ ግን ዓይናቸው ከጥቁሩ ሳጥን አልተነቀለም፤ ሳልዘጋው ረስቼ ማዕዘኑ ላይ ቁጥሩን እየቆጠረ ነው።

«እንዲህ እያለች የት እንዳመማት ትናገራለች?»

«ለጠየቃት።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። «እኔንም እኮ ሐኪም ቤት ስሄድ ‹ዕድሜ ነው እትዬ› ብለው ነው የሚሸኙኝ። ለጉልበት የሚሆን እንዲህ ያለ ሳጥን የለም?»